እኔና መርፌ፦ ባሕር ዳር ሄጄ የተከተብኩት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዳንግላ ነው የምኖረው። ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ የበላሁት በመርፌ ነው። የሐኪም ቤት መርፌ ሲነሳ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጀግና መስዬ እንዳልታያችሁ ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብሽ ከተባልኩ ስድስት ዓመቴ። በእኛ ሰፈር ስሙ ቁርጥማት ነው። ቁርጥማት ካላችሁ ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ነው። አንዱ ፍል ውኃ ይላል፣ አንዷ የነጭ ሽንኩርት ቅባት ትላለች፣ ሌላው "ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔን ብርድ አልመታኝም። ባሕር ዳር የሚከታተሉኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ነገር ከሁሉም በላይ ገብቶኛል። "የገዛ ውሻሽ ነው የሚነክስሽ" አሉኝ። ሰውነቴን ከበሽታ እንዲጠብቅ የተቀመጠው ኃይል የጣቶቼን አንጓ ሌባ ነው ብሎ ይዞታል ማለት ነው።

ጠዋት ስነሳ እጄ የእኔ አይመስልም። ጨብጦ ለመዘርጋት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ክር በመርፌ ቀዳዳ የማስገባው ከረፋድ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሱቄ ከመጣችሁ ልጄ ናት የምታስገባልኝ፤ ትምህርት ቤት ከሄደች ደግሞ እናንተው ታስገባላችሁ።

መድኃኒቴ ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ማታ። "በየቀኑ እንዳይወሰድ" ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈልኝ ወረቀት እስከ ዛሬ የቁም ሳጥኔ በር ላይ ተለጥፎ አለ። በሌላ ቀን ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን። ጉበት ላይ ይደራረባል ስለተባልኩ ጠላም አረቄም ትቻለሁ። ጎጃም ውስጥ ሰርግ ቤት ገብቶ "አልጠጣም" ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ውሻውን ያስረዋል። ጣቴም ትንሽ ይታዘዘኛል። ውሻ ሲታሰር ግን ሌባ ይደፍራል።

ሌባው አምና ታኅሣሥ ላይ መጣ። ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይበላል፣ ዳማከሴ ተጨምቆበት ቡና ይጠጣል፣ ያልፋል። ይህኛው እንደዚያ አልነበረም። ማታ ደህና ሆኜ ተኛሁ። ሌሊት ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነቃሁ። ሲነጋ ከአልጋ ወርጄ መቆም አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ኢንፍሉዌንዛ ይመስላል ተባልኩ። ሳልስት ላይ ሳንባዬ ላይ ወርዶ አንቲባዮቲክ ተጀመረልኝ፣ ሜቶትሬክሴቱም እስክድን ይቁም ተባለ። ሲቆም ደግሞ ውሻው ተፈታ። ትኩሳቱ ሲሄድ አንጓዎቼ ዱባ መሰሉ።

በእጄ የአሥራ አራት ሰው የጥምቀት ቀሚስ ነበረ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። የእኔ ደንበኞች ግን ለመበጣጠስ የፈለጉት እኔን ነበር። ሰባቱን ጨርቅ እንዳለ ለሌላ ሰፊ አስረከብኩ፣ ቀብዱንም መለስኩ። አንዷ ደንበኛዬ አሁንም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ሐኪሜ "በሚቀጥለው ዓመት ከመምጣቱ በፊት ተከተቢ" ያሉኝ ያኔ ነው።

መከተብ ቀላል መስሎኝ ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጤና ጣቢያ በነፃ ከሚሰጠው መደበኛ ክትባት ውስጥ የለም፤ በግል ነው የሚፈለገው። እኛ ከተማ ስጠይቅ አንዷ ወጣት "ስንት ወሩ ነው ልጁ?" አለችኝ። "አርባ ሦስት ዓመቱ ነው" አልኳት። ክትባት ሲባል ሁሉም ሰው ሕፃን ነው የሚታየው።

ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ቦታ ደወልኩ። ስሙ ይቅር። "አለ፣ ነይ" አሉኝ። ሄድኩ። የምወስደውን መድኃኒት ስነግረው ባለሙያው እጁን አወናጨፈ። "መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ክትባት ክልክል ነው።" አለቀ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ ያንኑ ያህል ተመለስኩ።

ሰውየው ከምንም ተነስቶ አልተናገረም፤ የሰማት ነገር አለች፣ ግን ግማሿን ነው። በሕይወት ካለ፣ ግን ከተዳከመ ተሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶች አሉ፤ የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባ። ኢንፍሉዌንዛም በአፍንጫ የሚረጭ እንደዚያ ያለ አለው። እነዚህን እንደ እኔ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነካም። ክንድ ላይ የሚወጋው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በሕይወት ያለ ቫይረስ የለበትም። በሽታ ሊሆን አይችልም። ለሐኪሜ ደውዬ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጡ ሰማኋቸው። "ጭራሽ ቅድሚያ የሚሰጠው እንዳንቺ ላለው እኮ ነው!"

ከዚያ በኋላ ነው ዛሬ የምነግራችሁን ክሊኒክ ያገኘሁት። የዚህንም ስም አልጽፍም፤ ምስጋናም ቅሬታም ስላለኝ። ባሕር ዳር ነው፣ ዘንባባ ከተተከለበት መንገድ ገባ ብሎ። መጀመሪያ የወደድኩት ስልክ ላይ "አለ፣ ነይ" አለማለታቸው ነው። "ክትባቱን የምናስመጣው ተመዝጋቢ ሲኖር ነው፤ ስም ያስመዝግቡ፣ ሲደርስ እንደውላለን" አሉኝ። ደግሞም ደወሉ። በዚህ ዘመን ደውዬ እነግርሻለሁ ብሎ የሚደውል ሰው ስንት ነው?

የደወሉት ኅዳር 12 ቀን፣ ዓርብ ነበር። ቀኑን የማልረሳው የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ እያጨሰ፣ እኔ ነጠላዬን በአፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ "እሺ ሲስተር፣ ሰኞ እመጣለሁ" እላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ጭስ የማን መታሰቢያ ነው? በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በርትቶ አዲስ አበባን ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ያሳጣት የኅዳር በሽታ እኮ ሌላ አይደለም፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። መቶ ዓመት አልፎ ለበሽታው እናጥናለን። "ክትባቱን ልወጋ ነው" ስል ግን ከዚያው ጭስ ዳር የቆሙት አክስቴ "ለጉንፋን? ገንዘብ በዝቶብሽ ነው?" አሉኝ። (ጭሱን ራሱ ሳንባ አይወደውም። እሱን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።)

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ በማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። የነቢያት ጾም የገባበት ቀን ነው። ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ስንሻገር ጣቶቼ ገና አልተፈቱም ነበር። ለሹፌሩ ረዳት ሒሳብ ስሰጥ ብሩ ከእጄ ወደቀ። "አይዞሽ እናቴ" አለኝ። እናቴ! በአርባ ሦስት ዓመቴ።

ክሊኒኩ ጋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ የሚጀምረው።

በሩ። የመግቢያው በር እጀታ ክብ ነው፤ ተጨብጦ የሚዞር፣ ለስላሳ ብረት። ጤነኛ ሰው ይህን አያየውም። እኔ ግን በአንድ እጄ ሞከርኩ፣ በሁለት እጄ ሞከርኩ፣ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ሞከርኩ። መጨረሻ ላይ በክርኔ አንኳኳሁ። ዘበኛው ከውስጥ "ክፍት ነው!" ይለኛል። ክፍት መሆኑንማ አውቃለሁ ወንድሜ። አንጓው ያበጠ ሰው ሁሉ የሚመላለስበት ቤት እንዲህ ያለ እጀታ ምን ይሠራል? ወደ ታች የሚጫኑት ረዥም እጀታ አለ እኮ፣ ገበያ ሞልቷል።

ካርድ ክፍል ደግሞ ስሜን መጥራት ሲገባት ልጅቷ "የቁርጥማት ክትባት ያለችው!" ብላ ጮኸች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው "የቁርጥማት ክትባት መጣ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ቢመጣማ እኔስ ምን እፈልግ ነበር። ከዚያ ክፍያ ቅድሚያ ነው ተባልኩ። ዋጋው የሦስት ሱሪ ስፌት ነው፤ ከእነ ትራንስፖርቱ አራት። ደረሰኝ ሳልጠይቅ አልሰጡኝም። ጠይቄም ቢሆን "ግድ ነው?" ተብያለሁ። ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። አግዳሚው ብረት ነው፣ ቀዝቃዛ።

ሲስተሯ ጋ ስገባ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ተነስታ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ እጄን አይታ ነው መሰለኝ። መርፌ ከማንሳቷ በፊት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ዛሬ ትኩሳት አለዎት? ከዚህ በፊት ክትባት ተወግተው ሰውነትዎ አብጦ፣ መተንፈስ አቅቶዎት ያውቃል? ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት? ዝርዝሩን ስሰጣት ሜቶትሬክሴት የሚለው ላይ ጣቷን አቆመች።

"የሚወስዱት በየትኛው ቀን ነው?"

"ቅዳሜ።"

"ሐኪምዎ ስለዚህ ነገር ነግረውዎታል?"

አልነገሩኝም ነበር። ወይም ነግረውኝ አልያዝኩትም። "በሉ አሁኑኑ ይደውሉላቸው" አለችኝ። እኔ ስልኬን በከረጢቴ ስፈልግ እሷ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ውጭ ሰው ተሰልፎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜቶትሬክሴት ውሻውን ስለሚያስር ክትባቱ የሚያመጣውን ጥበቃም በመጠኑ ያሳንሰዋል። ክትባት ማለት በሐኪሜ ምሳሌ ከቀጠልን ለውሻው የሌባውን ጨርቅ ማስሸተት ነው። የታሰረ ውሻ በደንብ አያሸትም። ስለዚህ በሽታው ረገብ ብሎ ለሚገኝ ሰው ከክትባቱ በኋላ ሜቶትሬክሴቱን ለሁለት ሳምንት ማቋረጥ ይመከራል፤ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው ላይ ይህን አስቀምጦታል። ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተብሎ ሌሎቹ መድኃኒቶች አይቋረጡም። ሐኪሜ በስልክ "አሁን ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጣትሽስ?" ብለው ጠየቁ። ከአምናው ደህና ነኝ አልኳቸው። "እንግዲያው ኅዳር 20ንና 27ን ዝለይ፣ ታኅሣሥ 4 ጀምሪ። ፕሬድኒሶሎኑን እንዳትነኪ። እብጠት ከጀመረሽ ቀኑን ሳትጠብቂ ደውዪ።" ሲስተሯ ሦስቱን ቀን በወረቀት ጻፈችልኝ። በራሳችሁ እንዳታቆሙት እለምናችኋለሁ። ለእኔ ያሉት ለእኔ ነው፤ አንጓው እየነደደ ያለ ሰው ሌላ ነገር ሊባል ይችላል። ሐኪሙ በስልክ ባይገኙ ኖሮም ክትባቱን እንደማታሳድረው ነገረችኝ፤ ጨርሶ ካለመከተብ ከእነ መድኃኒቱ መከተብ ይሻላል።

ሌላው ያስደሰተኝ ፍሪጁ ነው። እኔ ከገበያ ጨርቅ ስገዛ ጠርዙን ገልብጬ፣ በብርሃን አይቼ፣ በጥፍሬ ጭሬ ነው። ክትባትም ልይ አልኳት። አልተቀየመችም። ከፍታ አሳየችኝ። በር ላይ ሙቀት መለኪያ አለ፤ 4 ይላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል፣ ስለዚህ ጥግ አስጠግተው አይከምሩትም። አጠገቡ ጠዋትና ማታ ቁጥር የሚሞላበት ወረቀት ተሰቅሏል። ቅዳሜና እሁድም ተሞልቷል፤ እሱን ነበር ልይ ያልኩት። "መብራት ሲጠፋስ?" አልኳት። ከፍሪጁ ሥር ያለውን ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን በእግሯ ነካ አደረገችው። "ከጠፋ በኋላ ፍሪጁን አንከፍተውም፤ ከቆየ ወደዚህ ነው የሚዛወረው።"

ሳጥኑ ላይ 2025/2026 ይላል። ይህን እናንተም እዩ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር ክትባቱም በየዓመቱ ይታደሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሰሜኑ የምድር ክፍል በየካቲት አካባቢ፣ ለደቡቡ በመስከረም አካባቢ፣ የትኞቹ ዝርያዎች ይግቡበት የሚለውን ያስታውቃል። ቀድሞ አራት ዝርያ የሚይዝ ነበረ፤ አሁን ሦስት ነው። አንዱ ዝርያ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በዓለም ላይ ስላልታየ ወጥቷል። የአምና ክትባት በቅናሽ ቢሰጧችሁ የአምና እንጀራ እንደመግዛት ቁጠሩት።

ከዚያ መርፌው። መድኃኒቱ ቀድሞ ተሞልቶ የመጣ ነው፣ ከጠርሙስ አይቀዳም። በመዳፎቿ መካከል ይዛ ትንሽ አሞቀችው፣ ነቅነቅ አደረገችው። መርፌዋን አየኋት። እውነቴን ነው፣ ቁልፍ ከምተክልባት መርፌ ትቀጥናለች። "በልተዋል?" አለችኝ። ጾም ስለነበር ገና ውኃ እንኳ አልቀመስኩም ነበር። ሳቀች። "ሰው እዚህ የሚወድቀው ከመርፌው አይደለም፣ ከፍርሃትና ከባዶ ሆድ ነው" ብላ ተጋድሜ እንድወጋ አደረገችኝ። ክንዴን እንድመርጥ ጠየቀችኝ። ጨርቅ የምገፋው በቀኜ ስለሆነ ግራዬን ሰጠኋት። ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ሳል ብዬ ሳልጨርስ አለቀ። አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጬ እንድጠብቅ አደረገችኝ፤ ድንገት አለርጂ ቢነሳ እዚያው እንዲያዝ።

የክትባት ካርድ ግን የለም። ለሕፃን ካርድ አለ፣ ለእኔ የለም። የደረሰኙ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ የክትባቱን ስምና የሳጥኑን ቁጥር ጽፋ ፈረመችልኝ። የሦስት ሱሪ ዋጋ ከፍሎ የደረሰኝ ጀርባ! ለዚህ እሷን አልወቅስም።

ማታ ዳንግላ ስገባ ክንዴ ደነደነ። በማግሥቱ ቁርጥ ቁርጥ አለኝ፣ ትንሽ ሙቀትም ነበረኝ። ፓራሲታሞል ወሰድኩ። አክስቴ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው "ጤነኛ ሆነሽ ሄደሽ በሽታ ገዝተሽ መጣሽ" አሉ። ረቡዕ ጠዋት የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ።

ሁለቱ ቅዳሜዎች ግን እንዲህ ቀላል አልነበሩም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የመጀመሪያው ሳይታወቀኝ አለፈ። ሁለተኛው ካለፈ በኋላ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ጠዋት ላይ ከወትሮው በላይ ቆዩብኝ፤ መቀሱ ከብዶኝ አንድ ቀን ቆረጣ ለልጄ ሰጠሁ። ለሐኪሜ ደወልኩ፣ "ታኅሣሥ 4 ቅርብ ነው፣ ቻዪው" አሉኝ። ቻልኩት። መድኃኒቱን ስጀምር በሳምንት ከምናምን ተመለሰ። ክትባቱም ቢሆን የዚያኑ ዕለት አይሠራም፤ ጥበቃው እስኪቆም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ለገናና ለጥምቀት ሥራ ብላችሁ ከሆነ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጉንፋን ያዘኝ። አዎ። አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ጉሮሮዬ ከረከረ። አክስቴ አልማሩኝም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ብዙ ናቸው፣ ክትባቱ ደግሞ ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለም፣ ቢመጣ እንዳይበረታ ነው። ይህን ሳስረዳቸው ዳማከሴውን እየጨመቁ "እንዲያው እንደ ጭሱ ነዋ" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በአራት ቀን ለቀቀኝ፣ አልጋም አልያዝኩም።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘጠኝ የጥምቀት ቀሚስ አለ። አምስቱ አልቀዋል።

ክሊኒኩን ከአምስት ስንት እሰጠዋለሁ? ለሲስተሯ አምስት፣ ለፍሪጁ አምስት፣ ለካርድ ክፍሏ ልጅ ሁለት፣ ለዋጋው ሁለት ተኩል። በመጪው ዓመትም እዚያው ነኝ፤ ስሜን ጥቅምት ሳይገባ አስመዘግባለሁ። የምትሄዱ ከሆነ የመድኃኒታችሁን ዝርዝር ያዙ፣ የሐኪማችሁን ስልክ ያዙ፣ ቁርስ ብሉ። ደረሰኝ ጠይቁ። በሩን ደግሞ ሌላ ሰው ይክፈትላችሁ።